ከተዘፈነ በሩ አይከፈትም

ሄስተር ቦውዲች ስትዘፍን አንዴ የሰማ ሰው ደግሞ መስማት አያምረውም። ድምጿ ዘይት ያልነካው የበር ማጠፊያ ነው፤ ዜማውን በጭራው ትይዘዋለች፣ እሱ ግን ፈትለክ ብሎ ያመልጣታል። ደግነቱ እሷ ግድ የላትም። በሰሜን ኩዊንስላንድ ጠረፍ፣ ከማንጎ ዛፎቹ ጀርባ ባለው የዩኒቨርሲቲው አሮጌ ሕንፃ፣ ከጨለማ ክፍሉ በር ኋላ ሆና የራግቢ ቡድኗን መዝሙር ስታምባርቅ ኮሪደሩ በሙሉ ይሰማታል። መስማትም አለበት። የዘፈኑ ሥራ እሱ ነዋ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይናችን ውስጥ ብርሃን የሚይዝ ፕሮቲን አለ፤ ብርሃን ሲመታው መልኩን ይቀይራል፣ እኛም አየን እንላለን። አንዴ ከቀየረ ግን ለመለካት አይሆንም፤ እንደተፋቀ የሞባይል ካርድ ነው። ስለዚህ ይህን ፕሮቲን የሚያጠኑ ሰዎች ቀኑን ሙሉ በዝግ ጨለማ ውስጥ በደብዛዛ ቀይ መብራት ይሠራሉ። ቀዩን ፕሮቲኑ አያየውም፣ ሰው ደግሞ እንደምንም ያይበታል። አንዱ ቀልበ ቢስ በሩን ብርግድ አድርጎ ከገባ ግን የስንት ሳምንት ልፋት ባንድ ጥቅሻ ድራሹ ይጠፋል።

ድሮ ከበሩ በላይ "ሰው አለ" የሚል አምፖል ነበር። ሄስተር ገና ተማሪ ሳለች ተቃጠለ፣ የሚቀይረው ጠፋ። ያኔ ነው ውስጥ ያለ ሰው ይዝፈን፣ ከተዘፈነ በሩ አይከፈትም የተባለው። አምፖል መግዛት ሳይቀል አይቀርም ነበር። ግን ማን ይሰማል፤ ፕሮፌሰሮቹ መዝፈን ወደው ነበር።

ያን ረቡዕ ታዲያ መዝሙሩ መሀል ላይ ቀጥ አለ።

"ሜዳ!" አለች ሄስተር ከውስጥ። "አሁንም ሜዳ!"

አጠገቧ ሎሬል ኖና ቆማለች። ሎሬል የሞአ ደሴት ልጅ ናት፤ ሄስተር ሥር ዶክትሬቷን እየሠራች ነው። በአገሯ ትልቅ ሴት በስሟ ብቻ አትጠራም፣ ስለዚህ ሄስተርን ወደደችም ጠላችም "አክስቴ" ትላታለች።

"አክስቴ፣ ምናልባት ማሽኑ ነው" አለች።

"ማሽኑ ደህና ነው። ለመሞከሪያ የእንቁራሪት ዓይን ፕሮቲን ጠዋት ስሰጠው የሚያምር ኮረብታ ስሎ ሰጠኝ።"

ማሽኑ ፕሮቲኑ የትኛውን ቀለም እንደሚውጥ ይለካል፤ ከዋጠ ስክሪኑ ላይ ኮረብታ ይወጣል። ሰማያዊ የሚወድ ፕሮቲን ኮረብታው በግራ ነው፣ ቀይ የሚወድ በቀኝ። ዛሬ ግን ስክሪኑ ላይ የተዘረጋው መስመር በብረት የተተኮሰ ነው የሚመስለው።

ለሄስተር ይህ ሜዳ ቀልድ አልነበረም። በባሕሩ ውስጥ ካለው የኮራል ቋጥኝ ተዳፋት፣ የፀሐይ ቀይ ብርሃን ከማይደርስበት ጥልቀት፣ አውራ ጣት የምታህል የዝገት ቀለም ያላት ዓሣ ትኖራለች። ጉንጯ ላይ ፈዛዛ ቀይ ብርሃን አላት። ጎረቤቶቿ ዓሦች ያንን ቀይ አያዩም። ሄስተር ግን የዓሣዋን ጂኖች ስታገላብጥ ቀይ የሚያይ ፕሮቲን የሚሠራ ጂን አገኘች። ሆባርት ከተማ በተደረገው የሳይንስ ጉባኤ ላይ ተነሥታ፣ ወገቧን ይዛ፣ "እነዚህ ዓሦች ሰፈሩ ሳይሰማ ይንሾካሾካሉ። ቋንቋቸው ቀይ ነው። ዓይኔን ግንባር ያድርገው!" አለች። አዳራሹ አጨበጨበ። አጨብጭቦ ሲያበቃ ታዲያ ከኋላ አንዱ፣ "ፕሮቲኑን አሳይን?" አላት።

ይኸው እስከ ዛሬ ማሳየት አልቻለችም። ጂኑን ላብራቶሪ ውስጥ ባሉ ሴሎች ትከተዋለች፣ ሴሎቹ ፕሮቲኑን ይጠምቁላታል፣ ከቫይታሚን ኤ የሚገኘውን ጠብታ ታክልበታለች፣ አጥባ አጣርታ ማሽኑ ውስጥ ታኖረዋለች። ሜዳ። ደግሞ ትጀምራለች። ሜዳ። ሌላ ሰው ቢሆን ጥሎት ነበር። ሄስተር ግን ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ፀጉሯን ስታስር፣ "ጂኑ አለ። ዓሣዋ በከንቱ አልተሸከመችውም። ስለዚህ ስህተቱ ከእኛ ነው፣ የእኛ ስህተት ደግሞ ይገኛል" ትላለች። ይህን ብላ ቁርሷን በደንብ ትበላለች።

መብራቱን አብርተው ሲወጡ ዴስመንድ ፍሪዝ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ጠበቃቸው። ዴስመንድ የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ እሱና ሄስተር በአንድ ዘመን ተማሩ፣ በአንድ ጨለማ ክፍል ተጋፉ። አሁን እሱ ከረባት አለው። ሲያስብ አፉን ያሞጠሙጣል፤ ሎሬል በላብራቶሪው ገንዳ ውስጥ ካሉት ከእነዚያ ዓሦች ወፍራሙንና አፉን አሞጥሙጦ የሚዞረውን "ዴስመንድ" ብላ የሰየመችው ለዚህ ነው። ሰውየው ይህን አያውቅም። ወይም አውቆ ዝም ብሏል።

በእጁ ሜትር ይዟል።

"ዛሬስ ኮረብታው ወጣ?" አለ።

"ሜዳ ነው። ለራግቢ የሚሆን ሜዳ" አለች ሄስተር። "ሜትሩ ምንድን ነው? ልብስ ልትሰፋልኝ ነው?"

ዴስመንድ ጉሮሮውን ጠረገ። "ሄስተር፣ ሰኞ አናጺዎቹ ይመጣሉ። አዲሱ ማይክሮስኮፕ ማደሪያ ያስፈልገዋል። ጨለማ ክፍሉን ማፍረስ ግድ ነው።"

"ያለ ጨለማ ክፍል እኔ ምን እሠራለሁ?"

"የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ታስተምሪያለሽ። ጡረታሽም ሩቅ አይደለም።" አፉን አሞጠሞጠ። ሎሬል ወደ ግድግዳው ዞረች፣ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። "ያ ጂን ሞቷል፣ ሄስተር። በዝግመተ ለውጥ መንገድ ላይ የሞተ ጂን ስንት አለ! ይቀበር።"

"አንተ ከሞትክ ስንት ዓመትህ ነው፣ ማን ቀበረህ?"

"ይኸው! ይኸው ነው ችግርሽ!" አለ ዴስመንድ፣ ጆሮው ቀልቶ። "ችግርሽ አፍሽ ነው! ሁልጊዜ ከማስረጃው ቀድሞ ይሮጣል። ሆባርት ላይ ቀስ ብለሽ፣ 'ምናልባት' ብለሽ፣ 'ይመስላል' ብለሽ ብትናገሪ ኖሮ ዛሬ ማን ይጠይቅሽ ነበር? ዓለም ፊት ተኮፈስሽ። አሁን ለጉባኤው 'ተሳስቻለሁ' ብለሽ መጻፍ አለብሽ።"

ሄስተር ሰው ሲናደድባት በአንቱታ መናገር ትጀምራለች። "እርስዎ ይጻፉልኝ፣ ዶክተር ፍሪዝ። የእርስዎ የእጅ ጽሑፍ ያምራል" ብላ አልፋው ሄደች። ጫማዋ ኮሪደሩ ላይ ቋ ቋ አለ።

ፍሪጁ ውስጥ ለአንድ ሙከራ ብቻ የሚበቁ ሴሎች ቀርተዋታል፤ አዲስ ላርባ ብትል ወር ይፈጃል። አንድ ሙከራ፣ ከዚያ ሰኞ፣ ከዚያ መዶሻ። ያው ሙከራ ደግሞ በዚያው መንገድ ከተሠራ ያው ሜዳ ነው። የሆነ ነገር መቀየር አለባት። ምኑን? ይህን አታውቅም።

ምሳ ሰዓት ላይ ማንጎው ሥር ተቀመጡ። ሄስተር በሊጥ የተጠቀለለ የስጋ ፓይዋን በቲማቲም ድልህ አስጥማ ትገምጣለች። ሎሬል እናቷ በአውሮፕላን የላከችላትን በኮኮናት የተሠራ ዓሣ ከፍታ በጣቷ ትበላለች።

"አክስቴ፣ እኔ እምልሽ፣ እነዚያ ዓሦች ጠልተውኛል።"

"ዘመዶቻቸውን እየበላሽ እንዴት ይውደዱሽ?"

"የምሬን እኮ ነው! አንድ ቀን እንኳ በሰላም አልያዝኳቸውም። እጄ ቁስል በቁስል ሆኗል።"

የዓሦቹ ክፍል ሰዓቱ ተገልብጦ ነው የሚሠራው። ለሰው ቀትር ሲሆን ለእነሱ ሌሊት ነው፤ መብራቱ ጥፍት ይላል። ዓይናቸው ብርሃን ሳይነካው እንዲገኝ የሚያዙት ያኔ ነው።

"ጎናቸው ያሉትን ሰማያዊዎቹን አታውቂያቸውም?" ቀጠለች ሎሬል። "እነሱ ነፍሳቸውን አያውቁም። መረቡን አፍንጫቸው ሥር አመጣለሁ፣ ዝም። እፍስ አደርጋቸዋለሁ። የእኛዎቹ ግን ገና በሩን ሳልፍ እግሬ አውጪኝ ነው። ዴስመንድማ ዛሬ ድንጋይ ሥር ገብቶ ጅራቱን ብቻ አሳየኝ። ከዚያ እኔ ዞር ስል ብቅ ይላል፣ እኔ ዞሬ ሳየው ጥልቅ! ሽቶዬ ነው መሰለኝ።"

ሄስተር ልትስቅ አፏን ከፈተች። ከፍታ ቀረች። ፓይዋ አፏ ደጃፍ ላይ ቆመ።

"አንቺ ዞር ስትይ ብቅ ይላል?"

"አዎ! ያሾፍብኛል።"

"ምን አድርገሽ ነው የምትገቢው?"

"ምን ላድርግ? ቱታዬን ነዋ፣ ቦቲዬን..."

"ግንባርሽ ላይ፣ ልጄ! ግንባርሽ ላይ!"

"ባትሪውን ነዋ" አለች ሎሬል ግራ ገብቷት። "ቀዩን የግንባር ባትሪ። ሁላችንም የምናደርገውን።"

ቲማቲም ድልሁ ቀሚሷ ላይ ጠብ አለ። ሄስተር አላየችውም። ፓይዋን ሣሩ ላይ ጥላ ተነሣች፤ አንዲት ወፍ እስከ ዛሬ ያንን ቀን ታመሰግናለች።

የዓሦቹ ክፍል ድቅድቅ ነው። ሄስተር የግንባር ባትሪውን በእጇ ይዛ፣ በመዳፏ ሸፍና፣ እየዳበሰች ገባች። ሎሬል ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛለች። ውኃው ይንፎለፎላል።

"ዝም ብለሽ ገንዳውን እይ" አለች ሄስተር፣ ጣቶቿንም ከፈተች።

ደብዛዛው ቀይ ብርሃን ገንዳዎቹ ላይ ፈሰሰ። ሰማያዊዎቹ ዓሦች ቅጠል ይመስል ባሉበት ተንሳፍፈው ቀሩ። የዝገት ቀለም ያላቸው ግን አንድ ላይ ብትንትን! እዚያ ድንጋይ ሥር፣ እዚህ ቱቦ ሥር። መዳፏን መልሳ ገጠመች፣ ትንሽ ቆየች፣ ከፈተች። ወጥተው ነበር፤ ደግሞ ብትንትን። ወፍራሙ ዴስመንድ ብቻ ቆሞ፣ አፉን አሞጥሙጦ፣ ብርሃኑ ላይ ፊት ለፊት አፈጠጠ። ከዚያ እሱም ክብሩን ጠብቆ ዞረ።

ሄስተር የተገለበጠ ባልዲ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች፣ ሳቀችም። መጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሆዷ፣ ከዚያ እንባዋ መጣ።

"አክስቴ? አክስቴ፣ ደህና ነሽ?"

"ያዩናል! ቀዩን ባትሪ ያዩታል! ይህን ሁሉ ጊዜ ስንመጣ እያዩን ነበር!" ጭኗን መታች። "ወይ እኔ! ቀይ ያያል ብዬ ዓለም ፊት የማልኩለትን ፕሮቲን በቀይ መብራት ሥር ቁጭ ብዬ ሳጥበው ከረምኩ! ራሴ ሠርቼ ራሴ አጠፋሁት። ከዚያ ማሽኑ ሜዳ ሲለኝ ማሽኑን እገላምጣለሁ!"

ሎሬል የያዘችውን ቀሚስ ለቀቀች። "ግን እኮ መብራቱን አስልተሽ ነው የመረጥሽው። ቁጥሩን እኔም አይቼዋለሁ። ዓሣው ማየቱን የቀዩ ብርቱካናማ ጫፍ ላይ ያቆማል፣ መብራቱ ከዚያ ወዲያ ያለው ድፍን ቀይ ነው ብለሽ..."

"ማን ነው ብርቱካናማው ጫፍ ላይ ያቆማል ያለው?"

"አንቺ።"

"ለምን አልኩ? ጂኑ እኮ ከዚያም ወዲያ ሊያይ እንደሚችል ያኔም ጠርጥሬ ነበር። ግን ይህን ብል ይስቁብኛል ብዬ ቀነስኩት።" ሄስተር ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች። ድምጿ ውስጥ ሳቁ አላለቀም። "ያ ሞጥሟጣ ችግርሽ አፍሽ ነው ይለኛል። እውነቱን ነው፤ አፌ አጠረ! ዓሣዋ ከጉራዬ በላይ ናት።"

ከዚህ በኋላ የሚሠራው ግልጽ ሆነ፦ ቀዩንም ማጥፋት። ጭልጭል የሚል እንኳ ሳይኖር፣ ድቅድቅ ውስጥ፣ በእጅ ብቻ። በጨለማ የሚያሳይ መነጽር ዩኒቨርሲቲው ውስጥ አንድ ነበር፤ የሌሊት ወፍ የሚያጠኑት ሰዎች ይዘውት ኬፕ ዮርክ ጫካ ገብተዋል። ስልክም አይደርስም።

"አያስፈልገንም" አለች ሄስተር። "እጄ ይህን ሥራ ከኔ በፊት ነው የሚያውቀው።"

ያንኑ ከሰዓት የመጨረሻዎቹን ሴሎች ጂኑን አስጎርሳ ማሞቂያው ውስጥ አስገባቻቸው። ፕሮቲኑን እስኪጠምቁ ቅዳሜና እሑድ ያልፋል፤ የሚደርሰው ሰኞ ጠዋት ነው። አናጺዎቹም ሰኞ ጠዋት። ምን ይደረግ፣ ሴል አይቸኩልም።

ሐሙስና ዓርብን በልምምድ አሳለፉት። ዓይናቸውን በዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ አስረው ጠረጴዛው ፊት ቆሙ፤ በፕሮቲኑ ፈንታ ውኃ፣ በጠብታው ፈንታ ሻይ። እጣቢው የሚጣልበት ቲዩብ ራቁቱን ነው፤ ፕሮቲኑ የሚጠበቅበት ላስቲክ ታሥሮለታል። ሎሬል መጀመሪያ ላይ ሻዩን ሄስተር እጅጌ ውስጥ ቀዳችው፣ ሄስተርም ውኃውን ሎሬል ጫማ ላይ።

ዴስመንድ በክፍቱ በር አንገቱን ሲያስገባ ሁለቱ ሴቶች ዓይናቸው ታሥሮ፣ እጃቸው አየር ላይ ሲማስን አገኛቸው።

"ምንድን ነው የምታደርጉት?"

"ድብብቆሽ" አለች ሄስተር ሳትዞር። "አንተ ተደበቅ፣ እኛ አንፈልግህም።"

ሰኞ ጠዋት ሄስተር ሰዓቷን ፈትታ፣ ስልኳን ቢሮ ትታ፣ በየማሽኑ ላይ የምትበራውን ትንሽ መብራት ሁሉ በጥቁር ፕላስተር ሸፍና በሩን ዘጋች። ከዚያ ቀዩን መብራት አጠፋችው። ክፍሉ ውስጥ የቀረ ነገር የለም፤ የገዛ እጇም የለም። የሎሬል ትንፋሽና የፍሪጁ ጉርምርምታ ብቻ።

"በይ ዝፈኚ" አለች።

ሎሬል የደሴቷን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር አነሣች። እሷ ደግሞ ድምጿ ማር ነው። ሄስተር በራግቢ መዝሙሯ ተከተለቻት፤ ሁለቱ ዜማዎች ጨለማው ውስጥ ተጋጩ፣ ተጣሉ፣ ኋላ ግን ተላመዱ። እጆቿ ሥራቸውን ጀመሩ። ቲዩቡን ነካች፣ ክዳኑን በአውራ ጣቷ ገፋች፣ ፈሳሽ መምጠጫውን ፒፔት በቀኝ አነሣች፣ ጫፉን በግራ ትንሽ ጣቷ መራችው። ማየት ሲቀር እጅ እንዴት እንደሚያስብ ለራሷም ደነቃት። ፈሳሹ ሲወጣ መጠኑን በአውራ ጣቷ ሥር ትሰማዋለች።

መሀል ላይ አንድ ነገር ኳ አለና ጠረጴዛው ላይ እርጥብ ፈሰሰ። የሎሬል መዝሙር ተንተባተበ።

"አክስቴ... ክንዴ ነው የገፋው..."

"ላስቲክ አለው?"

ጣቶች ጠረጴዛውን ዳበሱ። ሄስተር መዝሙሯን አላቆመችም፤ ከፍ አደረገችው እንጂ።

"የለውም! ራቁቱን ነው! የሚጣለው ነው!"

"ታዲያ ምን አንተባተበሽ? ዝፈኚ!"

በዚህ መሀል ኮሪደሩ ላይ ከባድ ጫማዎች መጡ። የብረት ዕቃ ወለሉ ላይ ተንኳኳ፣ መሰላል ግድግዳ ተደገፈ።

"ይህ ነው የሚፈርሰው?" አለ አንድ ወፍራም ድምፅ። "ውስጥ ሰው እያረዱ ነው እንዴ?"

"ይዘፍናሉ" አለ የዴስመንድ ድምፅ። "ከተዘፈነ በሩ አይከፈትም። ይጨርሱ።"

"ጌታዬ፣ እኔ ከሰዓት ሌላ ሥራ አለኝ።"

"ይጨርሱ አልኩ።"

ሄስተር መጨረሻው ላይ ደርሳለች። ታጥቦ የተጣራው ፕሮቲን፣ የሁሉ ነገር ውጤት፣ ከትንሿ ማጣሪያ ወደ መስታወቷ ዕቃ መንጠብጠብ አለበት። የመስታወቷ አፍ ከእህል ቅንጣት ብዙ አይሰፋም። ይህን የሚሠራ ሰው አይዘፍንም፤ ትንፋሹን ይይዛል። ሎሬልም ሁለቱን ዕቃዎች በሁለት እጇ አጋጥማ መያዝ አለባት፤ እሷም ትንፋሽ የላትም። ዝም አሉ ሁለቱም። አንድ ጠብታ። ሌላ ጠብታ።

"ይኸው ጨረሱ!" አለ ወፍራሙ ድምፅ።

የበሩ እጀታ ቀጭ አለ።

ሄስተር መጮኽ አልቻለችም፤ ብትጮኽ እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ጠብታው ይስታል። በጨለማው ውስጥ ዓይኗን ጨፈነች፤ ምን እንደሚፈይድላት እንጃ።

ያኔ ከውጭ፣ ከበሩ ማዶ፣ አንድ ሰው መዝፈን ጀመረ። የራግቢ ቡድኗን መዝሙር! ዜማው ከሄስተርም ይብስ ነበር። እጀታው ባለበት ቆመ፣ ከዚያ ወደ ቦታው ተመለሰ፣ በሩም የሰው ጀርባ እንደተደገፈው ሁሉ ግጥም አለ።

"ጌታዬ፣ አሞዎታል?" አለ አናጺው።

ዴስመንድ ሁለተኛውን ስንኝ ቀጠለ። እሱም በጉብዝናው ዘመን በዚያ ክፍል ውስጥ ጠብታ ጠብቋል። መጨረሻዋ ጠብታ ላይ ሰው ለምን ዝም እንደሚል ያውቃል። ሕጉ ከተዘፈነ በሩ አይከፈትም ይላል እንጂ ማን ይዝፈን አይልም።

የመጨረሻዋ ጠብታ ወረደች። ሄስተር መስታወቷን ማሽኑ ውስጥ አስቀምጣ ክዳኑን ገጠመች፣ በጣቷ ቁልፉን ፈልጋ ተጫነች። ከዚያ ተነፈሰች።

"ግባ፣ ዴስ!" ብላ ጮኸች። "አሁን መግባት ይቻላል!"

በሩ ተከፈተ። ዴስመንድ ከረባቱ ዞሮ፣ ፊቱ ቲማቲም መስሎ ገባ። ከኋላው አናጺው መዶሻውን ትከሻው ላይ አድርጎ አጮለቀ። አራቱም ስክሪኑ ላይ ተደፉ።

መስመሩ ከግራ ተነሣ። ሜዳ። ሰማያዊውን አለፈ፣ ሜዳ። አረንጓዴውን አለፈ። ሎሬል የሄስተርን ክንድ ጨበጠች፣ ጥፍሯ ገባ። ብርቱካናማው ጋ ሲደርስ መስመሩ ቀና አለ፤ ሄደ፣ ወጣ፣ ወጣ፤ ብርቱካናማውንም ጥሎት አለፈ፤ ድፍኑ ቀይ ላይ ጫፉን ሰቅሎ በቀኝ በኩል ቁልቁል ወረደ።

ኮረብታ።

"ቦታው ትክክል አይደለም" አለ ዴስመንድ በሹክሹክታ። "ይህ... ይህ ሆባርት ላይ ካልሽው በጣም ወዲያ ነው።"

"ስለዚህ አታምነኝም። እኔም አንተን ብሆን አላምንም።" ሄስተር ቀዩን የግንባር ባትሪ አንሥታ እጁ ላይ አኖረችው። በሩን ዘግታ፣ ስክሪኑን አጥፍታ የማሽኑን ክዳን በጨለማው ከፈተችለት። "በል አብራበት። እውነተኛ የዓይን ፕሮቲን ከሆነና ቀይ የሚያይ ከሆነ፣ ቀዩ ይገድለዋል። ካልሆነ ኮረብታው ባለበት ይቆማል፣ አንተም ክፍሉን ታፈርሳለህ። ራስህ አድርገው።"

ዴስመንድ ባትሪውን በእጁ ዳበሰው። ዕድሜውን ሙሉ እንደዚያ ባለ ቀይ መብራት ሲሠራ ኖሯል። መስታወቷ ላይ ቆም አድርጎ አበራባት፣ ክዳኑን መለሰ፣ ስክሪኑን አብርቶ ቁልፉን ተጫነ።

መስመሩ ከግራ ተነሣ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ብርቱካናማ። ድፍኑ ቀይ ላይ ሲደርስ ኮረብታው የነበረበት ቦታ ልሙጥ ነበር። በብረት የተተኮሰ።

"አጠፋሁት" አለ ዴስመንድ።

"አጠፋኸው። እኔም እንዲሁ ነበር ሳጠፋው የከረምኩት" አለች ሄስተር፣ አንጀቷ ቅቤ ጠጥቶ። "ሜዳውን ያመጣው የእኛ መብራት ነው። ጂኑ አልሞተም።"

ዴስመንድ አፉን አሞጠሞጠ። ረዥም ሰዓት አሞጠሞጠ። ሎሬል አሁን ግን አላስቻላትም፤ ፍርፍር ብላ ሳቀች።

"ምን ያስቃታል?"

"አንድ የምናውቀው ዓሣ ትዝ ብሏት ነው።"

"ያ ወፍራሙ?" አለ ዴስመንድ። "ስሙን እኮ ገንዳው ላይ ጽፋችሁበታል።" ከዚያ ወደ ሄስተር ዞረ፤ ከረባቱን አስተካከለ። "ለጉባኤው መጻፍሽ አይቀርም። ያልሽው ልክ አልነበረም።"

"እጽፋለሁ። 'ተሳስቻለሁ፣ አሳንሼ ነው የተናገርኩት' ብዬ እጽፋለሁ። አንተ ደግሞ ሥሩ ላይ 'ይመስላል' የሚል ቃል እንዳታስገባብኝ።"

"ዛሬ እንኳ አላስገባም።"

አናጺው አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን ሲያይ ቆይቶ መዶሻውን ከትከሻው አወረደ። "ይቅርታ፣ ነገሩ ደስ ይላል፣ እኔ ግን አልገባኝም። እናፈርሳለን ወይስ አናፈርስም?"

"አናፈርስም" አለ ዴስመንድ። ኪሱ ውስጥ ያለውን ሜትር አውጥቶ ሰጠው። "ማዶ ያለውን የስብሰባ አዳራሽ ለካው። ማይክሮስኮፑ እዚያ ይገባል። ለስብሰባ እኛ ማንጎው ሥር እንቀመጣለን።"

አናጺው መሰላሉን አነሣ። መንገድ ሲጀምር ቀና ብሎ ከበሩ በላይ ያለውን፣ አቧራ የጠጣውን የተቃጠለ አምፖል አየ። ደግ ሰው ነበር፤ ሳያፈርስ መሄዱም ሳይቆረቁረው አልቀረም።

"መሰላሉን ካቆምኩ አይቀር" አለ፣ "ይህቺን አምፖል ልቀይርላችሁ?"

"እንዳትነካት!" አሉ ሦስቱም ባንድ አፍ።